ሲዲና ዲቪዲ ላይ ስቲከር ልለጥፍ ወይስ ይቅርብኝ?

አንድ የቤተሰብ ቪዲዮ ነበረኝ። ዲቪዲ ነው። ራሴ ራይት አድርጌ፣ ፎቶ ያለበት ክብ ስቲከር ራሴ አትሜ፣ ራሴ ለጥፌ መደርደሪያ ላይ ያኖርኩት። ሲያዩት ከሱቅ የተገዛ ነበር የሚመስለው። ዓመት አልፎት ሳወጣው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ኩልል ብሎ ሄደ። ከዚያ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ቀጥ አለ። ዲስኩን አውጥቼ ከሥር ባየው አንድም ጭረት የለውም። አጸዳሁት፣ ያው ነው። ሌላ ማጫወቻ ላይ ሞከርኩት፣ እሱም እዚያው አካባቢ ሲደርስ ቆመ።

ጥፋተኛው ስቲከሩ ነበር። ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። «ሌዘሩ የሚያነበው ከሥር ነው፣ ከላይ የለጠፍኩት ምን አገባው?» ብዬ ነበር የማስበው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግማሹም እውነት ነው። ስቲከሩ የሌዘሩን መንገድ አይዘጋም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ዲስኩን ያከብደዋል፣ ያጎብጠዋል፣ ሲላጥ ደግሞ የተጻፈውን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሁሉም ዲስክ ግን እኩል አይጎዳም። ሙዚቃ የያዘ ተራ ሲዲ ስቲከር ተለጥፎበት ለዓመታት ሲዘፍን ሊኖር ይችላል። ዲቪዲ እንደዚያ ታጋሽ አይደለም። ስለዚህ «ልለጥፍ ወይስ ይቅርብኝ» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፤ የያዛችሁት ዲስክ ምን ዓይነት ነው? የሚጫወተውስ የት ነው?

እርምጃ 1፦ በእጃችሁ ያለውን ዲስክ እወቁ

ላይ ላዩን ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ስፋታቸው 120 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረታቸው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። መሃላቸው ላይ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አለ። የሚለያዩት ውስጣቸው ነው። ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ፊት ላይ ተጽፏል፤ ሲዲ አር፣ ዲቪዲ አር፣ ብሉ ሬይ እየተባለ።

ከሲዲ እንጀምር። ከሥር ወደ ላይ ስንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የዲስኩ ውፍረት ማለት ይቻላል ሁሉ እሱ ነው። በላዩ ሌዘሩ የሚጽፍበት የቀለም ንጣፍ አለ። ከቀለሙ በላይ ብርሃኑን መልሶ የሚያንጸባርቅ የብር ወይም የወርቅ ንጣፍ ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለው ቫርኒሽ የመሰለ ስስ መከላከያ ብቻ ነው። ስስ ስላችሁ የምር ስስ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል።

እንግዲህ ሙዚቃችሁ የተቀመጠው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሚያብረቀርቀው ፊት በኩል አይደለም። ስቲከር በምትለጥፉበት ፊት ሥር፣ ጣታችሁ ከሚነካው ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። (ሲዲን «እንዳይጫር» ብሎ የሚያብረቀርቀውን ወደ ላይ፣ ጽሑፍ ያለበትን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሰው አጋጥሟችኋል? ሳያውቀው ደካማውን ፊት ነው ጠረጴዛው ላይ የሚያሸው። ከሥር የተጫረ ፕላስቲክ አንዳንዴ ተወልውሎ ይድናል። ከላይ የተጫረ የብር ንጣፍ ግን አይድንም።)

ዲቪዲ ሳንድዊች ነው። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ዲስኮች ተጣብቀው ነው የሚሠራው። የተጻፈበት ንጣፍ መሃል ገብቷል። ስለዚህ ከላይ የተለጠፈ ሙጫም ሆነ የማርከር ቀለም በቀላሉ አይደርስበትም። በዚህ በኩል ዲቪዲ ከሲዲ ይሻላል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሲዲ ላይ በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል 1.6 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ርቀት አለ። ዲቪዲ ላይ ይህ ርቀት 0.74 ማይክሮን ብቻ ነው። ሌዘሩ እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር ሳይስት መከተል የሚችለው ዲስኩ ዝርግ ሆኖ ሲሽከረከር ነው። ዲስኩ ትንሽ ከጎበጠ የሌዘሩ ብርሃን በቀጥታ ከመመለስ ይልቅ ወደ ጎን ያጋድላል። ወረቀት ደግሞ ባሕርይው የታወቀ ነው። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሙጫ ዲስኩ ላይ ስላሰረው ሲኮማተር ዲስኩን አብሮ ይጎትተዋል። በዓይን የማይታይ ጉብጠት ለዲቪዲ ይበቃዋል።

የእኔ ቪዲዮ ለምን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደተበላሸም በዚህ ይገባችኋል። ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ነው። ጉብጠቱ ደግሞ መሃል ላይ ትንሽ ሆኖ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያው ደህና ሄዶ ወደ መጨረሻው የሚቆራረጥ፣ ከሥሩ ግን ምንም ጭረት የሌለው ባለ ስቲከር ዲቪዲ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ስቲከሩን ይሁን።

ብሉ ሬይ ላይ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.32 ማይክሮን ነው። እዚያ ላይ አትለጥፉ። ይህን ያህል ነው የምለው። በሁለቱም ፊት የሚጻፍ ዲስክ ከሆነም ያው ነው፣ ስቲከር የሚሆን ፊት የለውም።

እርምጃ 2፦ የት እንደሚጫወት አስቡ

አንድ ዲስክ ወደ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሙሉ ክብ የሆነ የወረቀት ስቲከር ደግሞ ወደ 1 ግራም ይጠጋል። 1 ግራም ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዲስኩ ቆሞ ከሆነ።

ሙዚቃ የሚያጫውት ተራ የሲዲ ማጫወቻ ዲስኩን በደቂቃ ከ200 እስከ 500 ጊዜ ነው የሚያዞረው። ይህ ዘና ያለ ፍጥነት ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ 52 ኤክስ የሚባል ድራይቭ (ዲስክ ማንበቢያ፤ 52 ኤክስ ማለት ከተራ ማጫወቻ እስከ 52 እጥፍ ፈጥኖ ያነባል ማለት ነው) ግን በደቂቃ 10,000 አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። ስቲከሩ ከመሃል ትንሽ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ክብደቱ ዲስኩን ወደዚያ ጎን ይስበዋል። ይህ ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚያድገው። ከ500 ወደ 10,000 ዙር ሲኬድ ያው ስቲከር 400 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጎትታል ማለት ነው። ድራይቩ ጉርርር ብሎ ሲንቀጠቀጥ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያ ነው። ብዙ ድራይቮች ይህን ሲያዩ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ፋይሉን እስኪቀዱ ትጠብቃላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ።

ስለዚህ ያው ሲዲ፣ ያው ስቲከር፣ የሳሎን ማጫወቻ ላይ ችግር የለበትም። ኮምፒውተር ላይ ያጉረመርማል። ሰዎች በዚህ ጉዳይ የማይስማሙትም አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንዱ «ለዓመታት ለጥፌያለሁ፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ሌላው «ሁሉንም አበላሸብኝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የተጫወተበት ቦታ ነው የተለያየው።

ከሁሉ የከፋው ዲስኩን በቀጭን አፉ ውጦ የሚያስገባ ማጫወቻ ነው። የመኪና ማጫወቻዎችና አንዳንድ ላፕቶፖች እንዲህ ናቸው። ውስጡ ያለው ክፍተት የተለካው ለ1.2 ሚሊ ሜትር ዲስክ ነው። የስቲከሩ ጠርዝ ትንሽ ተነሥቶ ከሆነ ሲገባ ወይም ሲወጣ ይጠመዳል። መኪና ውስጥ ሙቀት ሲጨመርበት ሙጫው ይለሰልሳል፣ ወረቀቱ ይንሸራተታል፣ ጫፉ ይነሣል። ከዚያ ዲስኩ እንቢ ብሎ ውስጥ ይቀራል፤ ማጫወቻውም ካልተፈታ አይለቀውም። ለመኪና የምታዘጋጁት ዲስክ ከሆነ እርምጃ 4 ላይ ያለውን ማርከር አንብቡና እርምጃ 5ን ዝለሉት።

እርምጃ 3፦ መጀመሪያ ጻፉ፣ ፈትሹ፣ ከዚያ ስለ ውበት አስቡ

አንዳንዱ ስቲከሩን ባዶ ዲስክ ላይ ለጥፎ ከዚያ ራይት ያደርጋል። አታድርጉት። ስትጽፉ ዲስኩ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ሌዘሩም ያለ ስህተት መስመሩን መያዝ አለበት። የተንቀጠቀጠ ንባብ ሊደገም ይችላል። የተንቀጠቀጠ ጽሑፍ ግን ለዘለዓለም እንደተንቀጠቀጠ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ራቁቱን ዲስክ ራይት አድርጉ። ከሚቻለው ፍጥነት ሁሉ የመጨረሻውን አትምረጡ፣ መካከለኛ ይበቃል። መጻፊያ ፕሮግራሙ ላይ «ቬሪፋይ» የሚል ምርጫ ካለ ምልክት አድርጉበት፤ የተጻፈውን ከዋናው ፋይል ጋር ያመሳክርላችኋል። ከዚያ ዲስኩ ሊጫወት በታሰበበት ማጫወቻ ላይ ሞክሩት። መጀመሪያውን አይታችሁ አትተዉት፣ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎችም እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስቲከር የምትለጥፉት ዲስክ ቅጂ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይሁን። ዋናው ፋይል ሀርድ ዲስክ ላይ ወይም ስቲከር የሌለው ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ለሰው የምትሰጡት፣ ቢጠፋ ሌላ የምትሠሩለት ከሆነ እንደፈለጋችሁ አስጊጡት።

እርምጃ 4፦ ማርከር ይበቃ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ

አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 ስለ ሲዲና ዲቪዲ አያያዝ ባወጣው መመሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ በሚቀመጡ ዲስኮች ላይ የሚጣበቅ ስቲከር እንዳይለጠፍ ይመክራል። በምትኩ የሚለው በማርከር መጻፍን ነው።

ግን ያገኙትን ማርከር ማንሣት አይደለም። ጫፉ ለስላሳ የሆነ፣ ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ፣ ለሲዲ ተብሎ የተሠራ ማርከር ፈልጉ። ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ማርከር ውስጥ ጠንካራ ማሟሚያ አለ። ያ ማሟሚያ የሲዲውን ስስ ቫርኒሽ አልፎ ሊገባ ይችላል። ዲቪዲ ላይ ስጋቱ ያነሰ ነው፣ ንጣፉ መሃል ስለሆነ። እስክሪብቶና እርሳስ ግን ፈጽሞ አይሆኑም። ጫፋቸው ሹል ነው። በቫርኒሹ ላይ ሲጫኑት ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ይሰረጉደዋል። «ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት» አይሠራም።

ለምታስቡለት ዲስክ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ቦታ አለ። መሃሉ ላይ፣ ቀዳዳውን ከቦ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ። እዚያ ምንም አልተጻፈም። ቦታው ጠባብ ነው፤ አንድ ቁጥር ይይዛል። ዲስኩ ላይ «17» ብላችሁ ጻፉ። 17 ምን እንደሆነ ደግሞ መያዣው ላይ ወይም ደብተር ላይ በሰፊው ጻፉ። እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ያምራል? አያምርም።

እርምጃ 5፦ የግድ ስቲከር ካላችሁ

እሺ። አንዳንዴ ያስፈልጋል። ሃምሳ ሰው የሚወስደው የመዘምራን ቅጂ በማርከር አይሆንም። ሲዲ ከሆነ፣ የሚጫወተውም የሳሎን ማጫወቻ ላይ ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው። በዚህ መልክ ሥሩት።

ለዲስክ ተብሎ የተቆረጠ ሙሉ ክብ ስቲከር ብቻ ተጠቀሙ። ለፋይልና ለፖስታ የሚሸጡት አራት ማዕዘን ስቲከሮች ዲስክ ላይ አይለጠፉም። ትንሽ ስለሆነች የምትጎዳው ያነሰ ይመስላል፣ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሙሉ ክብ ከሆነ ክብደቱ በዙሪያው እኩል ይከፋፈላል። በአንድ ጎን የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ግን ሚዛኑን ታዛባዋለች። ፕላስተርና ግልጽ ቴፕም እንደዚሁ። አይሆኑም።

ካተማችሁ በኋላ ቀለሙ ይድረቅ። ኢንክጄት ፕሪንተር ወረቀቱን በቀለም ያረጥበዋል። እርጥብ እያለ ከለጠፋችሁት ሲደርቅ የሚኮማተረው ዲስኩ ላይ ሆኖ ነው። አሳድሩት። ሥዕሉም ከዳር እስከ ዳር በቀለም ባይሞላ ይመረጣል።

አሁን መለጠፉ። በዓይን ገምቶ መለጠፍ ይቅር፤ መሃሉ ላይ ዘንግ ያለው የመለጠፊያ መሣሪያ አለ። ስቲከሩ ሙጫው ወደ ላይ ሆኖ መሣሪያው ላይ ይቀመጣል። ዲስኩ ጽሑፍ የሚገባበት ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ዘንጉ ላይ ይገባና በአንድ ጊዜ ቀጥ ተደርጎ ወደ ታች ይጫናል። ዘንጉ ስቲከሩንም ዲስኩንም መሃል ለመሃል ያገናኛቸዋል። ከዚያ ዲስኩን አውጥታችሁ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡና ስቲከሩን ከመሃል ወደ ጠርዝ በሌላ ለስላሳ ጨርቅ ዳብሱት። አየር አይቅር። አየር የታቆረበት ቦታ ከጊዜ በኋላ የሚነሣ ቦታ ነው።

ጠማማ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። «ቶሎ ላንሣውና ላስተካክለው» ይላል። አታንሡት። ጠማማውን ዲስክ ጣሉትና ሌላ ሥሩ። ዋናው ቅጂ አለ አይደል? ለዚህ ነው እርምጃ 3 ላይ የነዘነዝኳችሁ።

ከለጠፋችሁ በኋላ ማጫወቻ ውስጥ ወዲያው አትክተቱት። አንድ ቀን ይቀመጥ። የሚቀመጥበትም ጠንካራ መያዣ ይሁን፤ ቆሞ እንጂ ተደራርቦ አይሁን። ከፀሐይና ከሙቀት ራቅ አድርጉት።

እርምጃ 6፦ ከለጠፋችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ

ቀላሉ ፍተሻ ጆሮ ነው። ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ትልቅ ፋይል ቅዱ። ድራይቩ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ቢጮህ፣ ጠረጴዛው ሲነዝር ቢሰማችሁ ስቲከሩ መሃል ላይ አልተቀመጠም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሙሉውን ዲስክ ወደ ኮምፒውተር ቅዱና የወሰደውን ጊዜ መዝግቡ። ከመለጠፋችሁ በፊት በዚያው ድራይቭ 6 ደቂቃ ወስዶ ከነበረና አሁን 15 ከሆነ ድራይቩ እየታገለ ነው። ፋይሉ ቢቀዳም ነገሩ ጤና አይደለም።

ጠለቅ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ስህተት የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች አሉ። ኔሮ ዲስክ ስፒድ የታወቀው ነው፤ ኦፕቲ ድራይቭ ኮንትሮልም አለ። እያንዳንዱ ዲስክ ሲነበብ ስህተት አለበት፣ አዲሱም ቢሆን። ማጫወቻው እያረመ ስለሚሄድ አይታወቀንም። ሲዲ ላይ ሲ1 የሚባለው፣ በቀላሉ የሚታረመው ስህተት በአማካይ በሰከንድ ከ220 በላይ መሆን የለበትም። ሲ2 የሚባለው፣ ከዚያ የከበደው ስህተት ባይኖር ነው የሚሻለው። ዲቪዲ ላይ ፒአይ የሚባለው ስህተት በ8 ተከታታይ ብሎኮች (የመረጃ ክፍሎች) ከ280 ማለፍ የለበትም። ሁሉም ድራይቭ ይህን መቁጠር አይችልም፣ የእናንተው እንቢ ካለ አትገረሙ።

ቁጥሩን ብቻውን ከማየት ይልቅ ግን አወዳድሩት። ከስቲከሩ በፊት አንድ ጊዜ ቁጠሩ፣ ከስቲከሩ በኋላ በዚያው ድራይቭ፣ በዚያው ፍጥነት ደግማችሁ ቁጠሩ። ፕሮግራሙ የሚያሳየው የስህተት ግራፍ መጀመሪያው ላይ ጸጥ ብሎ ወደ መጨረሻው እንደ ዳገት ከወጣ ዲስኩ ጎብጧል። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና እዩት። የስቲከር ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም። ሙጫውና ወረቀቱ ሥራቸውን የሚሠሩት ቀስ እያሉ ነው።

እርምጃ 7፦ የተለጠፈበት ዲስክ እንቢ ካለ

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ስቲከሩን ልላጠው የሚል ነው። ሲዲ ከሆነ አታስቡት። ሙጫው የያዘው ቫርኒሹን ነው። ቫርኒሹ የያዘው የብር ንጣፉን ነው። ስቲከሩን ስትጎትቱት የብር ንጣፉ ተያይዞ ይመጣል። እኔ አንዴ በማይረባ ሲዲ ላይ ሞክሬዋለሁ። እንደ ቸኮሌት መጠቅለያ ነው የተገፈፈው። ሲዲውን ወደ መብራት ሳነሣው በዚያ በኩል ማዶው ይታያል። ብርሃኑን የሚመልስ ነገር ከሌለ ሌዘሩ የሚያነበው የለም፤ እዚያ የነበረው ዘፈን አልቆለታል። በሞቀ ውሃ፣ በአልኮል፣ በቤንዚን ነክሮ ማስለቀቅ የሚባለውም ያው ቫርኒሹን ነው የሚያጠቃው።

ዲቪዲ ላይ መላጡ የተጻፈውን በቀጥታ አይገፍም። ግን ስትጎትቱት ዲስኩን ታጎብጣላችሁ፤ ሁለቱ ግማሾች የተጣበቁበትንም ልታላቅቁ ትችላላችሁ። ግማሽ ተቀዶ ግማሹ ከቀረ ደግሞ ሚዛኑ ከበፊቱ ይብሳል።

ስለዚህ ስቲከሩን እዚያው ተዉትና ውስጡ ያለውን አውጡ። እንዲህ ነው፦

ዲስኩን እንደ መሳቢያ በሚወጣ ድራይቭ ውስጥ አስገቡ፣ በሚውጠው አይደለም። የተነሣ ጫፍ ካለ በጣት መልሳችሁ ተጫኑት። በምላጭ ልቁረጠው አትበሉ።

ፍጥነቱን ቀንሱ። ዋናው ብልሃት ይሄ ነው። የድራይቭን ፍጥነት የሚገድቡ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። 4 ኤክስ ወይም 8 ኤክስ ላይ አድርጉት። በ52 ኤክስ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ዲስክ በ8 ኤክስ ረጋ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ፍጥነት መገደብ ካልቻላችሁ የላፕቶፕ ድራይቭ ሞክሩ። ቀጭኖቹ ድራይቮች ከፍተኛ ፍጥነታቸው ከዴስክቶፖቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው።

አንዱ ድራይቭ እንቢ ሲል በሌላው ሞክሩ። ድራይቮች የጎበጠ ዲስክ ላይ ያላቸው ትዕግሥት በጣም ይለያያል። አሮጌው ከአዲሱ ሊሻል ይችላል።

ለሙዚቃ ሲዲ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባል ፕሮግራም አለ። አጠራጣሪውን ቦታ ደጋግሞ እያነበበ ያመሳክራል። ለፋይሎችና ለቪዲዮ ዲቪዲ ደግሞ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወደ ክፉዎቹ ቦታዎች ይመለሳል። ማስታወሻ ስለሚይዝ ዛሬ በአንድ ድራይቭ ጀምራችሁ ነገ በሌላ ድራይቭ ካቆመበት ትቀጥላላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅ አይግረማችሁ፣ ተዉትና ተኙ።

ስቲከር ሳይለጠፍ የሚያምር ዲስክ

ነጭ ፊት ያለው፣ ኢንክጄት ፕሪንተር በቀጥታ የሚያትምበት ዲስክ አለ። ፕሪንተሩ የዲስክ ማስገቢያ ትሪ ያለው መሆን አለበት። ወረቀት የለም፣ ሙጫ የለም፣ የሚነሣ ጫፍ የለም። እኔ ለሰው የምሰጠው ከሆነ የምመርጠው ይህን ነው። አንድ እንከን አለው፤ ቀለሙ በእርጥብ እጅ ሲነካ ሊለቅ ይችላል። ካተማችሁ በኋላ አንድ ቀን አድርቁት።

ላይትስክራይብ የሚባልም ነበር። ዲስኩን ገልብጣችሁ ስታስገቡት ድራይቩ በራሱ ሌዘር ሥዕሉን ላዩ ላይ ይቀርጻል። ኤችፒ ያመጣው ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነበር፣ ግን ቀረ። አሁን ድራይቩም ዲስኩም እንደ ድሮው አይገኝም።

ከሁሉ የሚቀለው ግን መያዣውን ማስጌጥ ነው። ፎቶውን፣ ርዕሱን፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር በወረቀት አትማችሁ የፕላስቲክ መያዣው ውስጥ አስገቡ። ዲስኩ ላይ በማርከር አንድ ቁጥር። ወረቀቱ ቢጨማደድ ሌላ ታትማላችሁ።

የቤተሰቡ ቪዲዮ ምን ሆነ ላላችሁ፣ በሦስተኛው ድራይቭ ወጣ። ፍጥነቱን 4 ኤክስ ላይ አድርጌ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። መጨረሻው አካባቢ ለሁለት ሰከንድ ያህል ምስሉ ይደናገራል፤ አክስቴ ኬክ ልትቆርስ ቢላ ስታነሣ ነው። አዲሱ ዲስክ መሃሉ ላይ «1» የሚል ቁጥር አለው።